ብዙ ሃርድ ዲስክ በአንድ ሳጥን፦ የቤት ማከማቻ ሰርቨር ለሚሠሩ አንባቢያን

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ አራት፣ ስድስት ወይም ስምንት ሃርድ ዲስክ ሰብስቦ ቤት ውስጥ የማከማቻ ሰርቨር ስለ መሥራት። አብዛኞቹ ጠያቂዎች «ስንት ቴራ ልግዛ?» ብለው ይጀምራሉ። ዲስክ ግን ይሞታል፤ ጥሩውም ርካሹም። ስለዚህ መልሶቻችን የሚነሱት «ስንት ዲስክ ቢሞት ሥራዬ ሳይቆም ይቀጥላል?» ከሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ የሰርግ ቪዲዮ እንሠራለን። መደርደሪያችን ላይ ከሃያ በላይ ኤክስተርናል ዲስክ አለ። የማን ሰርግ የት እንዳለ ለማወቅ አንድ በአንድ እየሰካን እንፈልጋለን፤ ሁለቱ ጭራሽ መነበብ አቁመዋል። ሁሉንም በአንድ ሳጥን ለመሰብሰብ ምን እንግዛ? አንድ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር አለን፤ ይሆነናል?
(የስቱዲዮ ባለቤቶች፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ ልኩን እናውጣ። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሁለት ካሜራ ስድስት ስድስት ሰዓት ቢቀርጹ አንድ ሰርግ 540 ጊጋ ነው። የጥርንና ከፋሲካ በኋላ ያለውን ሩጫ ጨምሮ በዓመት 30 ሰርግ ብትሠሩ 16 ቴራ ያህል ጥሬ ቀረጻ ይጠራቀማል። የካሜራችሁ ልክ ከዚህ የተለየ ከሆነ ስሌቱን በራሳችሁ ቁጥር ድገሙት፤ ከዚህ ስሌት በፊት ዲስክ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

በዚህ ልክ ምክራችን ስድስት ባለ 12 ቴራ ዲስክ በሬይድ ዜድ 2 ማደራጀት ነው፤ ይህም ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ብዙ ዲስክን እንደ አንድ የሚያደራጅበት መንገድ ነው። የሁለት ዲስክ ያህል ቦታ ለመጠባበቂያ ስሌት ይሄዳል፤ ከስድስቱ የትኞቹም ሁለት ቢሞቱ አንድም ፋይል አይጠፋም። የሚቀረው 48 ቴራ ነው። ኮምፒውተሩ 43.7 ብሎ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፤ አምራቹ በ1,000 ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሚቆጥሩ እንጂ የተሰረቀ ቦታ የለም። ከዚህም ላይ 20 በመቶውን ባዶ ተዉት። ዜድኤፍኤስ ሲሞላ ነፃ ቦታው ተበጣጥሶ ጽሕፈቱ እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ በተግባር የምትጠቀሙበት 38 ቴራ አካባቢ ነው፤ ይህም ከሁለት ዓመት በላይ ያስኬዳችኋል።

መጠባበቂያው የአንድ ዲስክ ብቻ የሆነውን ሬይድ ዜድ 1 መርጦ አንድ ዲስክ ማትረፍ ለምን አይሆንም? አንዱ ሞቶ አዲስ ሲተካ፣ አዲሱ ላይ በሴኮንድ 200 ሜጋባይት ሳያቋርጥ ቢጻፍ እንኳ 12 ቴራ ለመሙላት 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። ሥራ እየተሠራበት ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የቀሩት ዲስኮች ያለ ዕረፍት ይነበባሉ፤ ለወራት ሳይነካ የቆየ ፋይል ያለበት የተበላሸ ቦታም የሚገኘው ያኔ ነው። ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን የተገዙ ዲስኮች አብረው ስላረጁ ደግሞ ሁለተኛው ብዙ ላይዘገይ ይችላል። መጠባበቂያው አንድ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ሞት ጨርሶታል፤ በመልሶ ግንባታው ወቅት የሚመጣውን ስህተት የሚያርም ነገር አይኖርም። ከቻላችሁ ሦስቱን ከአንድ ሱቅ፣ ሦስቱን ከሌላ ግዙ።

የቢሮው ኮምፒውተር ሶፍትዌሩን ለመለማመጃ ይጠቅማችኋል እንጂ ስድስት ዲስክ አይሸከምም። ሁለት ወይም ሦስት ማስቀመጫ ብቻ ነው የሚኖረው፤ ፓወር ሰፕላዩ ብዙ ጊዜ የኩባንያው የራሱ ቅርጽ ስላለው በገበያ ዕቃ አይተካም፤ ከፊት የሚገባለት አየርም ትንሽ ነው። በምትኩ ቢያንስ ስድስት ባለ 3.5 ኢንች ማስቀመጫና ከዲስኮቹ ፊት ሁለት ባለ 120 ወይም 140 ሚሊ ሜትር ፋን ያለው መደበኛ ታወር ኬዝ ፈልጉ። ማዘርቦርዱ አንድ ረጅም የካርድ ማስገቢያ ይኑረው። ራም 16 ጊጋ ይበቃል። ስህተት የሚያርመውን ኢሲሲ የተባለውን ራም ማግኘት ከቻላችሁ እሰየው፤ ካልተገኘ ሥራውን አታቁሙ። ለምሳሌ ኤኤም4 የተባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር መሰኪያ ያላቸው ብዙዎቹ የአዝሮክ ማዘርቦርዶች ይቀበሉታል፤ ፕሮሰሰሩ እንደ ራይዘን ፕሮ 4650ጂ ያለ ከሆነ ኢሲሲንም ይደግፋል፣ የራሱ ግራፊክስም ስላለው ረጅሙ ማስገቢያ ለዲስክ ካርድ ነፃ ይሆናል። «ፕሮ» የሚለው የሌለባቸው ባለ «ጂ» ራይዘኖች ግን ኢሲሲን አይደግፉም። ራሙ ዩዲም የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት፤ ከትልልቅ ሰርቨር የተነቀለው አርዲም በርካሽ ቢገኝም እዚህ ላይ አይሠራም።

ማዘርቦርዱ ለዲስኮቹ ስድስት የሳታ ወደብ፣ ሶፍትዌሩ ለሚጫንበት ኤስኤስዲም ሌላ ወደብ ካለው ካርድ አያስፈልግም። ከሌለው ኤልኤስአይ 9207-8አይ ወይም 9211-8አይ የተባለውን ያገለገለ ካርድ ግዙ፤ ስምንት ዲስክ ያስተናግዳል። ሻጩን «አይቲ ሞድ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አይቲ ሞድ ማለት ካርዱ ዲስኮቹን ሳይነካካ እንዳሉ ለሶፍትዌሩ ያሳያል ማለት ነው። የሁለቱም የተመሰከረለት ፈርምዌር (የካርዱ የውስጥ ሶፍትዌር) 20.00.07.00 ነው፤ የመጀመሪያው 20.00.00.00 ችግር ስለነበረበት ካገኛችሁት ቀይሩት። ኬብሉ ከካርዱ በኩል አንድ ወፍራም ጫፍ፣ ከዲስኩ በኩል አራት የሳታ ጫፍ አለው። ይህ ኬብል «ፎርዋርድ» እና «ሪቨርስ» የሚባሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ በዓይን አይለዩም፤ ለእናንተ የሚሠራው ፎርዋርዱ ብቻ ነው። ካርዱ ጥሩ፣ ዲስኩም ጥሩ ሆኖ ምንም አልታይ ሲል መጀመሪያ የምንጠረጥረው ይህንን ነው። ካርዱ ለሰርቨር ነፋስ የተሠራ ስለሆነ በተራ ኬዝ ውስጥ ይግላል፤ ትንሽ ፋን ወደ ብረቱ አዙሩለት።

ፓወር ሰፕላይ ላይ አትቆጥቡ። አንድ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሲዞር ከ5 እስከ 9 ዋት ብቻ ይበላል፤ ሲነሳ ግን ለጥቂት ሴኮንዶች በ12 ቮልቱ መስመር እስከ 2 አምፔር ይስባል። ስድስቱ አንድ ላይ ሲነሱ፣ ከ5 ቮልቱ መስመር የሚስቡት ሲደመር፣ ከ150 ዋት ያልፋል። ስሙ የታወቀ ባለ 550 ዋት ይበቃችኋል። ዲስኮቹን በአንድ ኬብል ላይ አትደርድሩ፤ ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ከፓወር ሰፕላዩ በሚወጡ ሁለት የተለያዩ ኬብሎች ላይ ስጡ። ከአሮጌው ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት ወደ ሳታ የሚቀይረው አስማሚ፣ ጫፉ በፕላስቲክ ቀልጦ የተሞላው ዓይነት ከሆነ አትግዙት። ሽቦዎቹ ውስጥ ለውስጥ ይነካኩና ይቃጠላል፤ ዲስኩንም ይዞ ይሄዳል። ሌላም አለ፤ የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ተነቃይ ኬብል በሌላው ላይ አትሰኩ። ጫፉ ቢገጥምም የሽቦው ቅደም ተከተል ይለያያል፤ 12 ቮልት በ5 ቮልቱ በኩል ሲገባ ስድስቱም ዲስክ በአንድ ቅጽበት ይቃጠላሉ።

ሶፍትዌሩ ትሩናስ ይሁን፤ በነፃ ይወርዳል፣ የሚሠራውም ከአሳሽ ገጽ ላይ ነው። በፍላሽ ላይ አትጫኑት፤ የሚጽፈው ስለሚበዛ ፍላሹ ቶሎ ይሞታል። ባለ 120 ጊጋ ኤስኤስዲ ይበቃል። የቪዲዮ ማስቀመጫውን ስትፈጥሩ ሪከርድ ሳይዝ የሚለውን 1 ሜጋ አድርጉ።

ፋይል ከመጫናችሁ በፊት ዲስኮቹን ፈትኑ። ባድብሎክስ የተባለው ፕሮግራም ዲስኩን በአራት ዓይነት ቅርጽ ሞልቶ መልሶ ያነባል፤ በ12 ቴራ ላይ ሳምንት ያህል ይወስዳል፣ ሁሉንም ዲስክ ጎን ለጎን ማስኬድ ግን ይቻላል። የብሎክ መጠኑን 4096 አድርጉለት፤ ነባሪው 1024 በዚህ ትልቅ ዲስክ ላይ እምቢ ይላል። ሕፃን ሳለ የሚሞት ዲስክ በዚያ ሳምንት ይለያል፤ ሱቁም ገና ሳይረሳችሁ ትመልሱታላችሁ።

በመጨረሻ፣ ከእያንዳንዱ ዲስክ ፊት የመለያ ቁጥሩን የመጨረሻ አራት ፊደላት በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ። ዲስክ የሞተ ቀን ብዙ ሰው ደህናውን ይነቅላል። ቁጥሩ ከተለጠፈ ትሩናስ የሚያሳየውን ቁጥር ከፊት ካለው ጋር አስተያይቶ ትክክለኛውን መንቀል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ሬይድ ካርድ» ባትሪና ሜሞሪ ስላለው ይሻላል ይለኛል። እውነት ነው?
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ለቤት አይሻልም። ሬይድ ካርድ ዲስኮቹን በሶፍትዌሩ ፈንታ ራሱ ያደራጃል፤ ስለዚህ ካርዱ ሲሞት ዲስኮቹን የሚያነብ ተመሳሳይ ካርድ ማግኘት ይኖርብዎታል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ያንን ፍለጋ መንከራተት ነው። በዜድኤፍኤስ የተደራጁ ዲስኮች ግን ዜድኤፍኤስን በሚያውቅ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ፣ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢሰኩ ይነበባሉ።

ጥያቄ፦ አራት ባለ 4 ቴራ ዲስክ ነበረኝ። አንዱ ተበላሽቶ በአዲስ ስተካው ሥራው አምስት ቀን ፈጀ፤ መሐል ላይም አዲሱ ዲስክ «ከሥራ ወጥቷል» ተባልኩ። ሲፈተሽ ግን ጤነኛ ነው።
(ከአዳማ)

መልስ፦ የገዙት ኤስኤምአር የሚባለው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ዲስክ ላይ የመረጃው መስመሮች እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ የሌላውን ጠርዝ ረግጦ ተደራርበው ነው የሚጻፉት። አንዱን መስመር ለመቀየር አብረውት የተደራረቡትንም መልሶ መጻፍ ግድ ነው። ዲስኩ ይህንን ለመደበቅ ትንሽ ፈጣን ቦታ ይይዛል። ያ ቦታ በመልሶ ግንባታ ጊዜ ሲሞላ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ መልስ መስጠት ሲያቆም ሶፍትዌሩ ሞቷል ብሎ ያስወጣዋል። ዲስኩ በፍተሻ ደህና የሚሆነውም ለዚህ ነው። ለኤክስተርናል ባክአፕ ያገለግላል፤ ለሰርቨር ግን አይሆንም።

ጉዳዩ በ2020 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሰፊው ወጥቷል። ዌስተርን ዲጂታል ለሰርቨር ብሎ የሚሸጠው ከ2 እስከ 6 ቴራ ያለው ተራው «ሬድ» ኤስኤምአር መሆኑ ታወቀ፤ ኩባንያው ከዚያ በኋላ ሲኤምአር የሆኑትን፣ ማለትም መስመሮቻቸው ሳይደራረቡ የሚጻፉትን፣ «ሬድ ፕላስ» ብሎ ለያቸው። አሁንም «ፕላስ» የሌለበትን ሬድ አይግዙ። ከሲጌት «አይረንዎልፍ»፣ ከቶሺባ «ኤን 300» ሲኤምአር ናቸው። የሲጌት «ባራኩዳ» ከ2 እስከ 8 ቴራ ያለው ግን በአብዛኛው ኤስኤምአር ስለሆነ ዋጋው ቢያጓጓም ይለፉት።

ጥያቄ፦ ጎንደር ላለው ወንድሜ ዲስክ ልልክለት አስቤ፣ እዚህ ኤክስተርናሉ ከባዶ ዲስኩ ስለሚረክስ ባለ 14 ቴራ ኤክስተርናል ገዝቼ ፈለቀቅሁት። በዩኤስቢ ይሠራ ነበር፤ ኮምፒውተር ውስጥ ስሰካው ግን ጭራሽ አይዞርም። አበላሸሁት ይሆን?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አላበላሹትም። የሳታ የኃይል ሶኬት 15 ፒን አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ድሮ ለ3.3 ቮልት የተመደቡ ነበሩ። በአዲሱ ደንብ ሦስተኛው ፒን ዲስኩን ከሩቅ ለማጥፋት ያገለግላል። ፓወር ሰፕላይዎ በድሮው ልማድ 3.3 ቮልት ሲልክበት ዲስኩ «ጥፋ» እንደተባለ ቆጥሮ ዝም ይላል። መፍትሔው ሦስተኛውን ፒን ሙቀት በሚችለው ቢጫ የካፕተን ቴፕ መሸፈን ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱንም አብሮ መሸፈን ችግር የለውም። ተራ ስኮች ግን ሲሞቅ ሙጫው ይለቃል።

ሌሎቹን ከመፈልቀቅዎ በፊት በዩኤስቢ እንዳሉ ሙሉ ፍተሻ ያድርጉባቸው፤ ከተከፈቱ በኋላ ዋስትና ለማስከበር ያስቸግራል። ኪስ ውስጥ የሚገቡትን ባለ 2.5 ኢንች ኤክስተርናሎች ግን አይፈልቅቁ፤ ብዙዎቹ የዩኤስቢ ሶኬቱ ከዲስኩ ሰሌዳ ጋር የተበየደ ስለሆነ ሳታ የላቸውም፤ ከዚያም በላይ ኤስኤምአር ናቸው።

ዲስኩ በእጅ ሻንጣ ይሂድ። እያንዳንዱ በፀረ ስታቲክ ከረጢት፣ ዙሪያውን ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ይኑረው፤ ሁለት ዲስክ እርስ በእርስ እንዳይነካካ። ወንድምዎም እንደ ደረሰ ወዲያው አይሰካው፤ ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃት ክፍል የገባ ብረት ላይ ጤዛ ስለሚይዝ ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

ያገለገለ ዲስክ ለመግዛት ካሰቡ ደግሞ ይህንን ይወቁ። በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ብዙ ሺህ ሰዓት የሠሩ የሲጌት ዲስኮች ቆጣሪያቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደ አዲስ ሲሸጡ አውሮፓ ውስጥ ተደርሶባቸዋል። በሲጌት ዲስኮች ላይ ፋርም የሚባል ሌላ የውስጥ መዝገብ አለ፤ የዲስክ መዝገብ የሚያነበው ስማርትሞንቱልስ የተባለው ፕሮግራም ከእትም 7.4 ጀምሮ ያነበዋል። በዚያ ያለው የሥራ ሰዓት ከተለመደው ቆጣሪ ጋር ካልተስማማ ዲስኩን ይመልሱ።

ጥያቄ፦ መብራት በቀን ብዙ ጊዜ ይሄዳል፤ ሲመለስም አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ስታቢላይዘር አለኝ። ሰርቨሩን ያድንልኛል?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ስታቢላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አያቆይም። የሚፈልጉት ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለውን፣ የራሱ የቮልቴጅ ማስተካከያ ያለውንና ከኋላው የዩኤስቢ ወይም የኔትወርክ ወደብ ያለውን ዩፒኤስ ነው። ወደቡ የግድ ነው፤ ዩፒኤሱ «መብራት ሄዷል» ብሎ ለሰርቨሩ የሚናገርበት መንገድ እሱ ነው። ወደብ የሌለው ዩፒኤስ ሞቱን ለጥቂት ደቂቃ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ልኩን እናስላ። ስድስት ዲስክ ያለው ሰርቨር 75 ዋት አካባቢ ይበላል። ሁለት ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ የያዘ ዩፒኤስ በወረቀት 168 ዋት ሰዓት አለው፤ ግማሹን ብቻ አለኝ ብለው ይቁጠሩ፤ አንድ ሰዓት ያህል ማለት ነው። ባትሪው በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማል፤ የመብራት መቋረጥ የሚበዛበት ቦታ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ለዚህም ነው «ባትሪው ሊያልቅ ሲል አጥፋ» የሚለውን አደረጃጀት የማንመክረው። የደከመ ባትሪ 60 በመቶ አለኝ ብሎ በድንገት ዜሮ ይገባል። በትሩናስ ውስጥ የዩፒኤስ አገልግሎቱን ከፍተው «በባትሪ 120 ሴኮንድ ከሠራ አጥፋ» ብለው ይሙሉ። አጫጭር መቋረጦች ያልፋሉ፤ ረጅሙ ሲመጣ ሰርቨሩ ባትሪው ሳይጎዳ በሥርዓት ይጠፋል።

ባዮስ በተባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ መብራት ሲመለስ ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ፤ «ጠፍቶ ይቆይ» የሚለውን ይምረጡ። መብራት ተመልሶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደገና የሚሄድበት ሰፈር ራሱ የሚነሳ ሰርቨር ስድስቱን ዲስክ ደጋግሞ ያስነሳል፤ ባትሪውም ሳይሞላ ይያዛል። መብራቱ መርጋቱን አይተው በእጅዎ ያብሩት።

ከሁሉ የሚከፋው መጥፋቱ ሳይሆን አመላለሱ ነው። ከምሰሶው የኒውትራል ሽቦ ሲላቀቅ 220 ቮልት የነበረው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ያንን ርካሽ ዩፒኤስ አይችለውም። ከዩፒኤሱ በፊት፣ ለፍሪጅ ተብሎ የሚሸጠውን ኃይል ከልክ ሲያልፍ ቆርጦ ደቂቃዎች ዘግይቶ የሚመልስ መከላከያ ይስኩ። ሶኬቱ ኧርዝ እንዳለውም ኤሌክትሪሺያን በመለኪያ ያረጋግጥልዎ፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ኖሮ ከኋላው ሽቦ የሌለበት ቤት ብዙ ነው።

አንዳንድ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች የርካሽ ዩፒኤስን ደረጃ ደረጃ ሞገድ አይቀበሉም፤ ወደ ባትሪ ሲቀየር ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ይህንን መብራት ሲሄድ ከማወቅ ሰርቨሩ ላይ ፋይል ሳይጫን የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳ ነቅሎ ማየት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስምንት ዲስክ አለኝ። ሦስቱ ባንድ ጊዜ ስህተት መቁጠር ጀመሩ፤ ነጥቤ መለስኩ፣ ለሁለት ቀን ደህና ሆነው ደገማቸው። ሦስቱንም ልቀይር?
(ከረሖቦት፣ እስራኤል)

መልስ፦ ገና አይቀይሩ። ሦስት ዲስክ አንድ ላይ ሲታመም በሽታው የጋራቸው በሆነ ነገር ላይ ነው። ስማርት የሚባለውን የዲስክ መዝገብ ከፍተው አራት ቁጥሮችን ይመልከቱ። ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ከዜሮ ተነስተው ከጨመሩ የዲስኩ ገጽ ራሱ እየተበላሸ ነው፤ ይተካ። 199 ብቻ ከጨመረ ግን መረጃው በመንገድ ላይ እየተበላሸ ነው፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከኬብሉ ነው። 199 ወደ ዜሮ እንደማይመለስ ያስታውሱ፤ የሚታየው መጨመሩን ማቆሙ ነው።

ሦስቱ በአንድ ወፍራም ኬብል ላይ ካሉ ያንን ኬብል ይቀይሩ። በተለያየ የመረጃ ኬብል ላይ ሆነው በአንድ የኃይል ኬብል ላይ ከሆኑ ደግሞ የኃይል ሶኬቶቹን ነቅለው ጠቁረው ወይም ቀልጠው እንደሆነ ይዩ። ሁለቱም ካልሆነ ካርዱን በእጅዎ ይንኩ፤ ጣት የማያስነካ ከሆነ መንስኤው ሙቀት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ከዚያ ዲስኮቹን ሙሉ በሙሉ የሚያነበውን ስክረብ የተባለውን ፍተሻ ያስኪዱ። ይህ ፍተሻ በወር አንድ ጊዜ በራሱ እንዲሄድ ቢሞሉት ችግሩ ሳይጠራቀም ይታያል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሙቀቱ ከባድ ነው። ዲስኮቼ 52 ዲግሪ ያሳያሉ።
(ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አብዛኞቹ ዲስኮች እስከ 60 ዲግሪ ተፈቅዶላቸዋል፤ ለዕድሜያቸው ግን ከ45 በታች ይያዙ። በዲስኮቹ መካከል አንድ ማስቀመጫ ባዶ ይተዉ። ፋኖቹ ከፊት ወደ ውስጥ ይንፉ፤ በጎን ያሉ ክፍት ቀዳዳዎችንም በቴፕ ዝጉ፤ አየሩ በዲስኮቹ መሐል እንዲያልፍ የሚገደደው ያኔ ነው። የአቧራ ማጣሪያውን በየወሩ እጠቡ። ለአዲስ አበባ አንባቢዎችም አንድ ቃል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፋን በባሕር ጠለል ከሚሰጠው አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ አየር ያንቀሳቅሳል። የክፍሉ ቅዝቃዜ አያዘናጋችሁ። ዲስኮቹ ራሳቸው በአብዛኛው እስከ 3,048 ሜትር ድረስ እንዲሠሩ የተመዘገቡ ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። አንድ 8፣ ሁለት 4፣ አንድ 3 እና አንድ 2 ቴራ ዲስክ አለኝ። አዲስ መግዛት አልችልም።
(ከደሴ)

መልስ፦ ለእርስዎ ዜድኤፍኤስ አይደለም። በሬይድ ዜድ ሁሉም ዲስክ በትንሹ ልክ ስለሚቆጠር 8ቱ እንደ 2 ይሆንብዎታል። ኦፕን ሚዲያ ቮልት በተባለው ነፃ የሰርቨር ሶፍትዌር ላይ ስናፕሬይድንና መርጅኤፍኤስን አብረው ይጫኑ። መርጅኤፍኤስ ዲስኮቹን እንደ አንድ ትልቅ ማኅደር ያሳያል፤ ስናፕሬይድ ደግሞ መጠባበቂያውን ያሰላል። የመጠባበቂያው ዲስክ ከሁሉ የሚበልጠው መሆን አለበትና 8ቱን ለእሱ ይስጡ፤ ለፋይል 13 ቴራ ይቀርዎታል። ከአራቱ አንዱ ቢሞት ይመለሳል፤ ሁለት ቢሞቱ እንኳ የቀሩት ሁለቱ ብቻቸውን ይነበባሉ።

ድክመቱን ይወቁት። ስሌቱ የሚታደሰው ትእዛዝ ሲሰጡት ብቻ ነው፤ በየሌሊቱ እንዲሄድ ይሙሉት። ዛሬ ያስገቡት ፋይል እስከ ሌሊቱ ጥበቃ የለውም። በየደቂቃው ለሚለወጥ የሂሳብ መዝገብ አይሆንም፤ ለመማሪያ ቪዲዮ፣ ለመጽሐፍና ለፎቶ ግን በጣም ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ የቤተሰባችንን የድሮ የቪዲዮ ካሴቶች ወደ ፋይል ቀይሬ ሬይድ ዜድ 2 ላይ ጭኛለሁ። ሁለት ዲስክ ቢሞት እንኳ አይጠፋም ከተባለ፣ ኤክስተርናሎቹን ሸጬ ልገላገል?
(ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ እባክዎ አይሽጡ። ሬይድ የሚጠብቀው ከዲስክ ሞት ብቻ ነው። ልጅ ማኅደሩን ቢሰርዝ፣ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ቢቆልፈው፣ ሌባ ሳጥኑን ይዞ ቢሄድ፣ ውሃ ቢገባ፣ ፓወር ሰፕላዩ ሁሉንም ቢያቃጥል በዲስኮቹ ሁሉ ላይ ያለው አብሮ ይሄዳል። እነዚያ ካሴቶች ዳግም አይቀረጹም፤ ካሴቱ ራሱም በየዓመቱ እየደከመ ነው።

መጀመሪያ ትሩናስ ላይ ስናፕሾት፣ ማለትም ፋይሎቹ በዚያ ቅጽበት የነበሩበትን መልክ የሚይዝ ምስል፣ በየቀኑ እንዲነሳና 60 ቀን እንዲቆይ ይሙሉ። በስህተት የተሰረዘ ፋይል በደቂቃ ይመለሳል፤ ከኮምፒውተርዎ የገባ ቫይረስም ስናፕሾቱን በተጋራው ማኅደር በኩል ሊነካው አይችልም። የሰርቨሩን አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ግን በኮምፒውተርዎ አሳሽ ውስጥ አያስቀምጡ።

ቀጥሎ ኤክስተርናሎቹን በሁለት ይክፈሏቸው። አንዱ ክፍል ቤትዎ፣ ሌላው በዘመድ ቤት ይቀመጥ፤ በየሁለት ወሩ ያዟዙሩ። ሁለቱም አንድ ጊዜ ቤትዎ እንዳይገኙ፤ አዲሱ ተሞልቶ ከወጣ በኋላ ነው ያኛው የሚመጣው። በተራ የጊጋቢት ኔትወርክ በሴኮንድ 110 ሜጋባይት ስለሚተላለፍ አንድ ቴራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በዋይፋይ አይሞክሩት። አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶችዎም አንድ ቅጂ እንዲኖር ከፈለጉ የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ በዲስክ ተመስጥሮ ይላኩ፤ ከዚያ በኋላ በኢንተርኔት የሚሄደው አዲስ የተጨመረው ብቻ ይሆናል። የማመስጠሪያውን ቁልፍ በወረቀት አትመው ከዲስኩ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ቁልፉ ከጠፋ ዲስኩን የሚከፍት የለም።

በስድስት ወር አንዴ ደግሞ ከኤክስተርናሉ አንዱን ይዘው ሰርቨሩን ወደማያውቅ ሌላ ኮምፒውተር ይሂዱ፤ አምስት ቪዲዮ ይምረጡ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያጫውቷቸው። ፋይሉ በስም መታየቱ አይበቃም። አንዱ እንኳ መሐል ላይ ከቆመ ያንን ዲስክ ከዝውውሩ ያውጡትና በሌላው ቅጂ ላይ ያንኑ ፋይል በዚያው ቀን ይፈትሹ።